ቅሪ በለኝ

እስኪ ልጠይቃችሁ። «አንቺ ግን የምትፈልጊው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃችሁ ሰው አለ? እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አልገጠመኝም። እናቴ «እንዲህ አድርጊ» ትለኛለች፤ ቄሱ «እንዲህ ሁኚ» ይሉኛል፤ የድሮው አለቃዬ ደግሞ «ዝም በይና ሥሪ» ነበር የሚለኝ። ቡፋሎ ከተማ፣ ፖላንዶች ሰፈር ያደገች ሴት ምክር አይቸግራትም። ምክር በየደጁ እንደ ክረምቱ በረዶ ተከምሮ ነው ያለው፤ ቢዝቁት አያልቅም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው ኤሊስ ሃርላን ነው። ጠየቀኝና ዝም አለ። መልሴን እስክሰጠው ድረስ፣ ሰዓቱን ሳያይ፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በቃ፣ በዚሁ ተያዝኩ።

ስሜ ያድቪጋ ነው፤ የሚወዱኝ ያድዚያ ይሉኛል። ሥራዬ ፒሮጊ ነው። ድንችና አይብ፣ አለዚያም እንጉዳይና ጎመን በስስ ሊጥ ጠቅልለን፣ ጠርዙን በጣታችን ቆንጥጠን፣ ቀቅለንና አቀዝቅዘን ለሱቆች እናስረክባለን። «እኛ» የምለው እኔን፣ አክስቴ ስታሻንና ጓደኞቿን ነው። ሁሉም ሰባ ያለፋቸው ባልቴቶች ናቸው፤ እጃቸው ሲፈጥን አፋቸው ይቀድማል። ወጥ ቤታችን የቤተክርስቲያናችን ምድር ቤት ነበር፤ መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምናየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው።

ሥራው ሲያድግ እኔ ከሳሁ። ያዘዘኝን ሁሉ እሺ እላለሁ፣ የሱቅ ባለቤት ሲቆጣኝ ዋጋ እቀንሳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ንግድ ለጀመሩ ሰዎች ለአንድ ዓመት ኮች የሚመድብ ማዕከል ወንዙ ዳር መኖሩን ነገረችኝ።

«ኮች?» አለች አክስቴ ስታሻ ሊጡን እየዳመጠች። «ኮች የኳስ ነው። ፒሮጊ ሊያስሮጥሽ ነው?»

«የሥራ ኮች ነው አክስቴ። ንግድ የጀመረ ሰው አጠገብ የሚቆም።»

«ቆሞስ ምን ያደርጋል?»

«እንጃ፤ ይጠይቃል አሉ።»

«ውይ፣ ጠያቂማ እኔ አለሁ! መቼ ነው የምታገቢው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ፤ ሄድኩም።

ኤሊስ አርባዎቹን የጀመረ፣ ረጅም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ ሰው ነበር። የሹራቡ መሳሳት አታሎኝ እንደኔ ያለ ሰው መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ሃርላን ማለት እነዚያ ሃርላኖች መሆናቸውን የሰማሁት። ወንዙ ዳር የቆሙት ሰማይ ጠቀስ የእህል ጎተራዎች የነሱ ነበሩ። አያቴ ከነሱ ጎተራ ስንዴ በአካፋ ሲዝቅ ነው ሳንባው በአቧራ ያለቀው። ጎተራዎቹ ከተዘጉ ዘመን አልፏል፣ የሃርላኖች ስምና ትልቁ ቤታቸው ግን እንዳለ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ችግሬን ሁሉ እንደ ድንች ጆንያ ፊቱ ዘረገፍኩለትና «እና ምን ላድርግ?» አልኩት።

«አንቺ ምን ብታደርጊ ነው የሚሻለው?»

«ባውቀው እዚህ ምን አመጣኝ ታዲያ?»

ሳቀ። አሳሳቁ ደስ አይልም አልላችሁም። «ያድቪጋ፣ መልስ ብሰጥሽ ሲበላሽ እኔን ትረግሚያለሽ፤ ሲሳካ ደግሞ እኔን ታመሰግኛለሽ። ሁለቱም ላንቺ ምንም አይፈይዱም። የኔ ሥራ መጠየቅ ነው፤ ከዚያ ሳልቀድምሽ መጠበቅ።»

«ጥሩ ሥራ ነው፤ ቁጭ ብሎ መብላት!» አልኩት ተናድጄ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን ተመልሼ ሄድኩ። ያን ቀን እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ማንም ሳያዝሽ፣ ለራስሽ ብለሽ የምትሠሪው የትኛውን ፒሮጊ ነው?» ጥያቄ ነው ይሄ? ልመልስ አፌን ስከፍት እንባዬ መጣ። የእንጉዳይና የጎመኑን ነዋ! የአባቴ እናት አሠራር፣ ጎመኑ በርሜል ውስጥ ኮምጥጦ፣ እንጉዳዩ ደርቆ ከርሞ የሚሠራውን። «ገዢ የለውም» ስላሉኝ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ኤሊስ አላባበለኝም፣ «በርቺ» አላለኝም። ዝም ብሎ ጠበቀኝ። እኔው ራሴ «እሱን ነው መሥራት ያለብኝ» አልኩ፣ የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ወጥቶ።

ከዚያ ወዲያ ያልተነካ ነገር የለም። ማንም የማይወዳቸውን ዓይነቶች ተውኩ። የሚያመናጭቀኝ ባለሱቅ ጋ ሄጄ ዋጋ ጨምሬያለሁ አልኩት። ሰውየው «እሺ» አለኝ፤ በቃ፣ እሺ! በርሬ ወጥቼ ለኤሊስ ደወልኩለት።

«ይሄን ያደረገው ማን ነው?» አለኝ።

«አንተ ነሃ!»

«እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነው።»

በረዶ ላይ ቆሜ «እሺ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

ፍቅሩ መቼ እንደገባኝ ከጠየቃችሁኝ ግን የድንጉስ ቀን ነው። በኛ ሰፈር ከፋሲካ ማግስት ሰኞ ድንጉስ ይባላል፤ ወንዱ የወደዳትን ሴት ውኃ ይረጫታል፣ ሴቲቱም በለጋ የአኻያ ቅርንጫፍ ባቱን ትሸነቁጠዋለች። ሙዚቃው፣ ጭፈራው፣ ጩኸቱ አይጣል ነው። ኤሊስ እንዲያይ ጋብዤው መጣ። በዚያ ሁሉ ቀይ በለበሰ ሕዝብ መሃል ግራጫ ካፖርቱን ቆልፎ ቆሞ ሳለ አክስቴ ስታሻ የውኃ ሽጉጥ እጁ ላይ አስጨበጠችውና ወደ እኔ ገፈተረችው።

ፊቴ ቆመ። ሽጉጡን እንደ ዕንቁላል ይዞታል። «ያድቪጋ፣ ልርጭሽ?» አለኝ።

የሴቶቹን ሳቅ ብትሰሙት! አክስቴማ ወገቧን ይዛ «ኧረ ጉድ ነው! በድንጉስ ቀን ፈቃድ ይጠየቃል? አንተ ልጅ፣ ስትስምም ልትጠይቅ ነው?» አለችው። እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ ግን ሳቄ ጠፋብኝ። ስንቱ ወንድ በሕይወቴ ውኃ ደፍቶብኛል፤ ልርጭሽ ያለኝ ግን እሱ ብቻ ነው። «እርጨኝ» አልኩት። አንገቴ ላይ ትንሽ ውኃ ነካችኝ። እኔም ቅርንጫፌን አነሳሁና ባቱን ሸነቆጥኩት፤ ቀና ሲል ዓይኑ ዓይኔ ላይ ቀረ። እሱ አይነቅልም፣ እኔም አልነቅልም። ከአንገቴ የወረደችው ውኃ ጀርባዬ ላይ ስትደርስ ሁሉ ተሰምቶኛል።

ሲመሽ እስከ ቤተክርስቲያኑ ደረጃ ሸኘሁት። «ያድዚያ፣» አለኝ፤ በዚህ ስም ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው፤ «ዓመቱ እስኪያልቅ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ኮችሽ ነኝ። ማዕከሉ ሕግ አለው፤ ሕግ ባይኖረውም እኔ አለኝ። አንቺ ስለ ሥራሽ ልብሽን ስትከፍቺልኝ በዚያው በር ሰርቄ ልገባ አልፈልግም።»

«ከሰኔ በኋላስ?»

«ከሰኔ በኋላ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።»

እህቶቼ፣ ሰኔን እንደዚያ ዓመት ናፍቄው አላውቅም።

ግን ግንቦት መጣ፤ ግንቦት ደግሞ የእናቱን ግብዣ ይዞ መጣ። ወይዘሮ ሃርላን በየዓመቱ ማዕከሉን ለሚረዱ ሰዎች እራት ያበላሉ፤ ከሠልጣኞቹም ጥቂቶቻችን ተጠራን። ለዚያ እራት ቀሚስ ገዛሁ። አክስቴ ከሣጥኗ የአምበር ሐብሏን፣ ያን ማር የሚመስል ድንጋይ፣ አውጥታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ቤቱ ስገባ የኤሊስ አባት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ አእምሯቸው ከድቷቸዋል፤ ሚስታቸውን እንኳ አያውቁም። ከኤሊስ እጅ በስተቀር ከማንም እጅ አይጎርሱም። ኤሊስ እንግዳውን ሁሉ ትቶ አጠገባቸው ተንበርክኮ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሳቸው ነበር፤ አገጫቸውን በመሐረብ እየጠረገ፣ «ጣፈጠዎት አባዬ?» እያለ። ይሄን ሰው እንዴት አልውደደው?

ወይዘሮ ሃርላን ወደ እኔ መጡና «ይቺ ቆንጆ ደግሞ ማን ናት?» አሉ።

ኤሊስ ተነሳ። አየኝ። ከዚያ «ያድቪጋ ትባላለች። ከማዕከሉ ናት» አለ።

«አሃ፣ ከምታግዛቸው አንዷ! ጎበዝ፣ ከነሱም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ይወጣል ማለት ነው» አሉና ጉንጬን ነካ አድርገው አለፉ።

ከማዕከሉ ናት! እንዴ፣ ሌላ ቃል ጠፋ? ስለ ሰኔ አውቃለሁ፤ ሕጉንም አውቃለሁ። ግን ልብ ሕግ ያውቃል? ኤሊስ በሩ ድረስ ተከትሎኝ «ያድዚያ፣ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው» ሲለኝ «ይገባኛል» አልኩት። ውሸቴን ነበር። ያን ዕለት በሕዝብ አውቶቡስ ተቀምጬ፣ የአክስቴን ሐብል አንገቴ ላይ እያሻሸሁ፣ የስንዴ ዛቂ የልጅ ልጅ መሆኔ ተሰምቶኝ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ከሲያትል ጥሪ መጣ። አንድ የምግብ ትርኢት ላይ የእንጉዳዩን ፒሮጊዬን የቀመሱ ሰዎች ናቸው፤ ትልቅ የምግብ ኩባንያ ነው። ወጥ ቤት እንሥራልሽ፣ ምግቡ በስምሽ ይውጣ፣ አንቺ ምሪው፣ ለአምስት ዓመት ፈርሚ አሉኝ። ዓርብ መልሴን ይፈልጋሉ። ሲያትል ማለት እኮ የአሜሪካ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ብቻ ነው ያለው።

ሐሙስ ከኤሊስ ጋ ቀጠሮ ነበረኝ። የሄድኩት ልማከር አልነበረም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። አንድ ቃል ልሰማ ነበር። ካለኝ እቀራለሁ፣ ካላለኝ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ቆርጫለሁ።

ሁሉንም ነገርኩት። «ወጥ ቤቱን ብታየው ኤሊስ! ፎቶውን ልከውልኛል። ድስቶቹ እኔ ራሴ ገብቼ የምዋኝባቸው ናቸው። መስኮቱ ደግሞ ይሄን የሚያህል፣ ወደ ባሕሩ። እኛ እኮ ከምድር ቤት የሰው ጫማ ነው የምናየው! ጎመኑን የማኮመጥጥበት ለብቻው ቀዝቃዛ ክፍል አለ። ሴቶቹን እኔ ነኝ የምቀጥረው፤ ቁንጠጣውን እኔ አስተምራቸዋለሁ፤ እንዲህ፣ አውራ ጣትሽን እንዲህ እያልኩ...» ትንፋሽ አጠረኝ። እሱ እያየኝ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዓርብ ነው የሚፈልጉኝ» አልኩት። «ምን ልበላቸው?»

ቀስ ብሎ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ያድዚያ?» አለኝ።

«ዛሬ አይደለም ኤሊስ። በፈጠረህ፣ ዛሬ አትጠይቀኝ።»

«ብትሄጂ የሚቆጭሽ ምንድን ነው? ብትቀሪስ?»

«ኮች አትሁንብኝ አልኩህ እኮ!» ተነሳሁ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እንደ ሰው አናግረኝ። ቅሪ በለኝ። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ምክንያት አልጠይቅህም፣ ሰኔን አልጠይቅህም። አንድ ቃል ነው!»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነበር፤ ጣቶቹ ነጡ። ከንፈሩ ተከፈተ። ጠበቅኩ፤ እሱ እኔን እንደሚጠብቀኝ ጠበቅኩት። ምንም አልወጣም።

«ገባኝ» አልኩ። «እናትህ ፊት "ከማዕከሉ ናት" ያልከው የሕጉ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነትህን ነው! የሃርላን ልጅና የፒሮጊ ሻጭ! አመሰግናለሁ ኮች፤ ጥሩ አሠልጥነኸኛል።»

«ያድዚያ...»

«ያድቪጋ በለኝ!» አልኩና በሩን በላዩ ላይ ወርውሬ ዘጋሁት። ወንዙ ዳር እስክደርስ አላለቀስኩም። እዚያ ስደርስ ግን አላፊ አግዳሚው እስኪያየኝ ድረስ ተንሰቀሰቅኩ።

በነጋታው ወጥ ቤት ሆኜ ሲያትል ደውዬ እሺ አልኳቸው። አክስቴ ስታሻ ሊጥ እየቆረጠች ሰማችኝ።

«ለነሱ እሺ ያልሽው ለሱ እንቢ ለማለት ነው አይደል?» አለችኝ።

«እሱ ምን አለኝና ነው እንቢ የምለው?»

«የወንድ አፍ የሚዘጋው ሁልጊዜ ልቡ ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ አንቺ ደግሞ ስትናደጂ ደንቆሮ ነሽ።»

«አክስቴ፣ ተይኝ።»

«እተውሻለሁ። ቆንጥጪ፣ ጠርዙ እየተከፈተ ነው» አለች፤ እሷም ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእናቴ እኩል ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ ስሄድ ምድር ቤቱን ለሷ ነው የምተወው። ጎን ለጎን ቆመን፣ ሁለታችንም እንባችንን በክንዳችን እየጠረግን ቆነጠጥን።

ኤሊስ የመጣው የመጨረሻ ቀኔ ላይ ነው። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፤ አውሮፕላኑ በማግስቱ ነው። መጀመሪያ በመስኮቱ ጫማውን አየሁት። ያን ጫማ ከሺህ ጫማ መሃል አውቀዋለሁ። ጫማው ቆመ፣ አለፈ፣ ተመለሰ። አክስቴም አይታው ኖሮ «ሰውየው አስፋልቱን ሊጨርሰው ነው፤ አንዳችሁ በሩን ክፈቱለት» አለች።

ገባ። ፀጉሩ አልተበጠረም። ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አፈጠጡበት።

«እንደምን ዋሉ ስታሻ?» አለ።

«እኔማ ደህና ነኝ። አንተ ግን ምን ነክቶሃል? ሬሳ መስለሃል እኮ!» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ «ኑ እስኪ፣ ውጭ እንውጣ፤ እዚህ ሞቀኝ» አለች። «ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሆነን ሞቀኝ ትላለች» ብላ አንዷ ስታጉረመርም ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። በሩ ተዘጋ።

ሊጡ በመሃላችን ነበር። እጄን ዱቄት ውስጥ እንደነከርኩ «ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?» አልኩት።

«ልጠይቅሽ አልመጣሁም» አለ። «ዛሬ ጠዋት ማዕከሉ ሄጄ የያድቪጋ ኮች መሆን ይብቃኝ አልኳቸው። ስለዚህ አሁን ማንም አይደለሁም። ማንም ሳልሆን ልንገርሽ። እወድሻለሁ። ከድንጉስ በፊት፣ በስልክ "እሺ፣ እኔ ነኝ" ካልሽኝ ቀን ጀምሮ። እናቴ ፊት "ከማዕከሉ ናት" ያልኩት ያፈርኩብሽ መስሎሽ ከሆነ፣ ያፈርኩት በራሴ ነው። በግብዣው ማታ፣ አንቺ እንደወጣሽ ነግሬያታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ግድ የለኝም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ሐሙስ ዕለት? ለመንኩህ እኮ ኤሊስ። ሰው እንደዚያ ይለመናል?»

«ልልሽ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።»

«ምን ያዘህ?»

«አንቺ ነሻ!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ስለዚያ ወጥ ቤት ስታወሪ ራስሽን አላየሽም። እኔ አይቼሻለሁ። ዓመት ሙሉ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ሆነሽ አይቼሽ አላውቅም። እጆችሽ አየር ላይ ሊጥ እየቆነጠጡ ነበር። ዓይንሽ... እንዴት ብዬ ቅሪ ልበልሽ? ዓመት ሙሉ የራስሽን ድምፅ ስሚ ስልሽ ኖሬ፣ ድምፅሽ ሲመጣ አፉን ላፍነው?»

ውጭ አክስቴ ስትስል ይሰማኛል።

«አሁን ግን እላለሁ» አለ። «ለራሴ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ የሌላውን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። አንቺን ነው የምፈልገው። ቅሪ ያድዚያ። ቅሪልኝ።»

ይኸው፣ የለመንኩት ቃል። ያለቀስኩለት ቃል። እንዲያው ስንቴ ነው በሐሳቤ የሰማሁት፤ ቅሪ ሲለኝ ጠረጴዛውን ዞሬ አንገቱ ላይ ስጠመጠም። አፌን ከፈትኩ። «እቀራለሁ» ልል ነው፣ ምን ይከብዳል? ሲያትልን በአንድ ስልክ እሰርዘዋለሁ።

አልወጣ አለኝ።

ኤሊስ ጠበቀኝ። ያ አጠባበቁ! አልገፋኝም፣ አልቀደመኝም፤ እንባው በጉንጩ እየወረደ እንኳ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ጠበቀኝ። እግዚአብሔር ይይለት፣ ምናለ ያን ቀን ባይጠብቀኝ! ምናለ ዘሎ ቢይዘኝ፣ ምናለ ቢጮህብኝ! ቢጮህ እቀር ነበር። ዝም ሲል ግን ውስጤ ያለውን ሰማሁት። ባሕሩን ሰማሁ። የማላውቃቸው ሴቶች እጅ ላይ እጄን አድርጌ «አውራ ጣትሽን እንዲህ» ስል ሰማሁ። በንዴት እሺ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ንዴቱ ሰበብ ነው።

«ኤሊስ» አልኩት።

«እህ።»

«መሄድ እፈልጋለሁ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ። «አውቃለሁ» አለ። «ሐሙስ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

ያኔ ነው የጮህኩት። ጠረጴዛውን ዞሬ ደረቱ ላይ ወደቅኩ፤ ግራጫ ካፖርቱ በዱቄት ነጣ። «አብረኸኝ ና» ልለው አልኩና አባቱ ትዝ አሉኝ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሱን እጅ የሚጠብቁት። «ና» ስለው አባቱን ጥሎ የሚመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ደግሞ እንዲህ አልወደውም ነበር። ስለዚህ ዋጥኩት። እሱም «ጠብቂኝ» ሊለኝ ሲል ሲውጠው ጉሮሮው ላይ አየሁት። አባቴ እስኪሞቱ ጠብቂኝ ብሎ የሚናገር ልጅ አይደለም። ተቃቅፈን እንዲሁ ዋጥን።

«ልሳምሽ?» አለኝ በጆሮዬ።

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ ሳመኝ፤ የመጀመሪያችን ነበር። ሊጡ ደርቆ ተበላሸ፤ አክስቴም በሩን አልከፈተችም።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞሮ «እደውልልሻለሁ። በየቀኑ እደውላለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። ድምፁን እየሰማሁ ሲያትል ልቆም አልችልም። ባሕሩን የማየው በጀርባዬ ነው የሚሆነው፤ ፊቴ ወደ ቡፋሎ እንደዞረ አምስት ዓመት።

«አትደውልልኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ኤሊስ፣ ድምፅህን ከሰማሁ እመለሳለሁ። ዕቃዬን እንኳ ሳልይዝ እመለሳለሁ። ከዚያ የተመለስኩበትን ሥራ እያሰብኩ አንተን መጥላት እጀምራለሁ። እባክህ፣ ከወደድከኝ አትደውልልኝ።»

«ይሄን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ግን አትደውልልኝ።»

እሺ አለ። ደረጃውን ሲወጣ በመስኮቱ ጫማውን አየሁት፤ አልቆመም።

ሲያትል ከገባሁ ወራት አልፈዋል። ወጥ ቤቱ ፎቶው ላይ እንዳለው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ሴቶቹ ቁንጠጣውን ለምደውታል። ምግቤ በስሜ ይወጣል፤ የምፈልገውን እየሠራሁ ነው፤ ይሄን ስል አልዋሸሁም። ግን ጠዋት ጠዋት፣ ቡፋሎ ፀሐይ ከወጣ ቆይቶ እዚህ ገና ሲነጋ፣ ስልኬን ዱቄት እንዳይነካው መደርደሪያው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ድምፁን ግን አልዘጋውም። በጠራ ቁጥር ሊጡን ጥዬ እሮጣለሁ። አቅራቢው ነው፣ ሾፌሩ ነው፣ አክስቴ ናት። ሴቶቹ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ይሉኛል፤ «ማንንም» እላቸዋለሁ። እኔ ነኝ አትደውል ያልኩት፤ እሱ ደግሞ ያልኩትን የሚሰማ ሰው ነው። አልደወለም።